የትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት፤ ዕቅዱና ግምገማው በማን እጅ ነው?

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት 29,909 ብቻ እንደነበሩ የትምህርት ሚኒስቴር መግለጹ ይታወሳል። ይህም 3.3 ከመቶ መሆኑ ነው። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆኗል። ስለ ፈተናው አሰጣጥ፣ ስለ ኩረጃና ስለ ማስተማር ጥራት ብዙ ተብሏል፤ መባሉም ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ሁሉ ውይይት መካከል አንድ ዓቢይ ጉዳይ በቂ ስፍራ ሳያገኝ አልፏል። ከየመቶው ዘጠና ከዚያም በላይ የሚሆኑት ወጣቶች ውጤታቸውን ባዩ ማግስት ወዴት ይሄዳሉ? ከፊሎቹን ሪሚዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ተቀብሏቸዋል። የቀሩትንስ? ከዚያም አስቀድሞ፣ ገና 9ኛ ክፍል ሳሉ፣ ከትምህርት መቅረት ሲጀምሩ፣ በኋላም 11ኛ ክፍል ሲገቡ ከተፈጥሮና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን ሲመርጡ አብሯቸው ተቀምጦ ያማከራቸው ማን ነበር?

ለዚህ ተግባር ተብሎ የተቋቋመ የሥራ መደብ አለ፤ የምክር አገልግሎት ይባላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ባየው በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ይኸው ስም የተለጠፈበት በር ሲከፈት የተገኙት የተሰበሩ ወንበሮችና የጠመኔ ካርቶኖች ነበሩ። አማካሪው ጠዋት በዋናው በር ቆሞ አርፋጆችን ይመዘግባል፤ መምህር ሲቀር ክፍል ይሸፍናል፤ ከሰዓት በኋላ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ደብዳቤ ያዘጋጃል። ሆኖም በዓመቱ መጨረሻ «ይህን ያህል ተማሪዎች የምክር አገልግሎት አግኝተዋል» የሚል ሪፖርት ይቀርባል፤ በመቶኛም ይሰላል። ጥፋቱን በሰውየው ስንፍና የሚያላክክ ቢኖር ተሳስቷል። ዕቅድ ያልወጣለት የሥራ መደብ አጥር እንደሌለው ባዶ ቦታ ያለፈ ያገደመው ሁሉ የሚሰፍርበት መሆኑ አይቀርም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ አመጣጡ መለስ ማለት ይጠቅማል። ዛሬ በብዙ አገሮች የትምህርት ቤት ሥራ ሆኖ የሚታየው ይህ አገልግሎት በመጀመሪያ የተጠነሰሰው በትምህርት ቤት ውስጥ አልነበረም። ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1908 የሙያ ምክር ቢሮውን የከፈተው በቦስተን ከተማ፣ ስደተኛ ሠራተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት ሰፈር፣ ለነዋሪው አገልግሎት በሚሰጥ አንድ ቤት ውስጥ ነበር። ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ ሥራ ፍለጋ ይንከራተቱ የነበሩት የድሆች ልጆች ራሳቸውን እንዲያውቁ፣ የሥራውን ዓለም እንዲያውቁና ሁለቱን አገናዝበው እንዲወስኑ ማገዝ ዓላማው ነበር። የሰፈር ነዋሪዎችና ሠራተኞች የሆናችሁ አንባብያን ይህን ልብ ማለት ይኖርባችኋል፤ አገልግሎቱ ከእናንተ መንደር የወጣ እንጂ ከላይ የወረደ አልነበረም።

ቆይቶ ግን አቅጣጫው ተለወጠ። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክን ወደ ጠፈር ባመጠቀች ማግስት የአሜሪካ መንግሥት በ1958 ባወጣው የብሔራዊ መከላከያ የትምህርት ሕግ አማካይነት ለአማካሪዎች ሥልጠና ከፍተኛ ገንዘብ መደበ። የተፈለገው ተሰጥኦ ያላቸውን ተማሪዎች ለይቶ ወደ ሳይንስና ወደ ምህንድስና ማሰማራት ነበር። አማካሪው የልጁ አጋዥ መሆኑ ቀርቶ ወንፊት ያዥ ወደ መሆን አዘነበለ። የኛም አገር ከዚህ ዓይነቱ ዝንባሌ ነፃ ሆና አልኖረችም። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሲሠራበት የነበረው የዩኒቨርሲቲ ምደባ ከመቶው ሰባው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ የሚያዝዝ ነበር። አገሪቱ መሐንዲሶች ያስፈልጓታል መባሉ ስሕተት አልነበረውም። ነገር ግን ኮታ በተወሰነበት ቦታ ምክር ምን ሥራ ይኖረዋል?

እንግዲህ ዕቅድ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ አገልግሎቱ ለማን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው የአቅም ጥያቄ ሲሆን፣ እዚህ ላይ ተራ የሒሳብ ስሌት ከብዙ ንግግር ይበልጣል። 1,500 ተማሪዎችና አንድ አማካሪ ያሉት ትምህርት ቤት አለ እንበል። አማካሪው እያንዳንዱን ተማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ቢያነጋግር 750 ሰዓት ያስፈልገዋል። በቀን አምስት ሰዓት ሙሉ ቢያነጋግር 150 የሥራ ቀን ማለት ነው። የትምህርት ዘመኑ በዚሁ ብቻ ተበላ፤ የታመመውን፣ ያዘነውን፣ ሊያቋርጥ የተዘጋጀውን ሁለተኛ ጊዜ የሚያይበት ቀን አልተረፈውም። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለአንድ አማካሪ ከ250 ተማሪ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በዚያች ባለጸጋ አገር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023-24 የትምህርት ዘመን አማካዩ 376 ነበር። እኛ ከዚህ አኃዝ እስክንደርስ ድረስ እንጠብቅ ከተባለ ብዙ ትውልድ ያልፋል።

ስለሆነም መምረጥ ግድ ይላል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኖርማን ጋይስበርስና ባልደረቦቻቸው ያራመዱት ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ምክር አንድ ሰው በአንድ ክፍል ተቀምጦ የመጣለትን የሚቀበልበት ሥራ ሳይሆን የመላው ትምህርት ቤት ፕሮግራም መሆን አለበት ባዮች ናቸው። ለሁሉም የሚያስፈልገው፣ ለምሳሌ የጥናት ዘዴ፣ ስለ መስክ መረጣ፣ ስለ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና፣ በክፍል ኃላፊ መምህራን አማካይነት በክፍል ውስጥ ለሁሉም ይሰጣል። የአማካሪው ጊዜ ለጥቂቶቹ ይቆጠባል። ጥቂቶቹ እነማን ናቸው የሚለው ደግሞ በግምት የሚመለስ አይደለም። ስም መጥሪያውና ሮስተሩ በየትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ አሉ፤ ማን ስንት ቀን እንደቀረ፣ ማን በስንት ትምህርት እንደወደቀ ተጽፎባቸዋል። ከዚህም ጋር ተማሪዎቹ ራሳቸው ስማቸውን በማይጽፉበት ወረቀት ላይ ምን እንደሚያስጨንቃቸው እንዲገልጹ ቢደረግ፣ ከየትም ያልተቀዳና ከተጨባጩ ሁኔታ የተነሣ ዕቅድ ለማውጣት የሚያስችል መረጃ ይገኛል። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ትምህርት ቤቶቻቸው በተዘጉባቸው አካባቢዎች የሚገኘው መልስ በአዲስ አበባ ከሚገኘው ጋር አንድ ሊሆን አይችልም፤ ዕቅዱም እንዲሁ።

ወደ ግምገማው እንለፍ። ዋናው ችግር ያለው እዚህ ነው። ስንት ስብሰባ ተደረገ፣ ስንት ተማሪ ቢሮ ገባ የሚለው የሥራ ብዛት ይናገራል እንጂ ስለ ውጤት አይናገርም። ተማሪዎቹ ምን ተማሩ፣ አመለካከታቸውስ ምን ሆነ የሚለው አንድ እርምጃ ይቀርባል። ዋናው ጥያቄ ግን በኑሯቸው ላይ ምን ተለወጠ የሚለው ነው፤ ከመቅረት ተመለሱ ወይ፣ ክፍል መድገም ቀነሰ ወይ፣ ሊያቋርጡ የነበሩት ቆዩ ወይ?

ይህም ቢሆን በጥንቃቄ ካልተያዘ ራስን ማታለያ ይሆናል። አንድ የገጠር ትምህርት ቤት በአንደኛው መንፈቅ ዓመት ከአሥር ቀን በላይ የቀሩ 60 የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩት፤ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ቁጥሩ 35 ሆነ እንበል። ሪፖርቱ «በምክር አገልግሎቱ ጥረት በ40 ከመቶ ያህል ቀነሰ» ይላል፤ ጭብጨባም ይከተላል። መረጃውን በጥሞና የተመለከተ ገበሬ ግን ያስቃል ይል ይሆናል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ልጆቹ የቀሩት በአዝመራ ምክንያት ነበር፤ አዝመራው ሲገባ አማካሪ ኖረም አልኖረም ይመለሳሉ። መመዛዘን የሚገባው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ መንፈቅ ጋር ነበር። ከዚህ የከፋም አለ። ከ60ዎቹ መካከል 20ዎቹ ጨርሰው ትምህርት አቋርጠው ከሆነ ስማቸው ከመጥሪያው ተሰርዟልና እንደ ቀሪ አይቆጠሩም። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ መሻሻል ሆኖ የታየው በእውነቱ ሽንፈት ነው። የቀሪዎች ቁጥር የለቀቁት ቁጥር ሳይታከልበት ለግምገማ መቅረብ የለበትም።

ታዲያ ይህን ግምገማ ማን ያድርገው? አማካሪው ብቻውን ራሱን ቢገመግም፣ ርእሰ መምህሩም ለበላይ አካል ደስ የሚያሰኝ ሪፖርት ቢጽፍ፣ ለይስሙላ ከመሆን አያልፍም። በሕዝቡ ፊት መቅረብ አለበት። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አለ፤ የቀበሌ የትምህርትና ሥልጠና ቦርድም አለ። እነዚህ መድረኮች ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ብቻ የሚነጋገሩበት ምክንያት የለም።

ይሁንና እዚህ ላይ በዝምታ ሊታለፍ የማይገባ ቅራኔ አለ። ምክር ያለ ምስጢር አይኖርም። በአንድ ቀበሌ የምትኖር የ8ኛ ክፍል ተማሪ ቤተሰቦቿ ሊድሯት መሆኑን ለአማካሪዋ ነገረች እንበል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላቸው እንዳይጋቡ ይከለክላል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን አማካሪውን ለመገምገም ከተሰበሰቡት የኮሚቴ አባላት አንዱ የሙሽራው አጎት ሊሆን ይችላል። «ምን ምን ጉዳይ ቀረበልህ? ከማን?» ተብሎ በስብሰባ የተጠየቀ አማካሪ ከመለሰ ልጅቱ ዳግመኛ በሩን አትረግጥም፤ እርስዋ ብቻ ሳትሆን ጓደኞቿም። ካልመለሰ ደግሞ ሥራውን ደብቋል ይባላል።

መፍትሔው ሕዝቡ ቁጥሩን እንዲጠይቅ፣ ስሙን ግን እንዳይጠይቅ ማድረግ ነው። ቁጥርም ቢሆን ሁልጊዜ ስም አይሰውርም። «ከ10ኛ ሐ ክፍል ያረገዘች 1» ተብሎ የቀረበ አኃዝ ስም ከመጥራት በምንም አይለይም፤ መንደሩ በማግስቱ ያውቃታል። እንዲህ ያሉ ትናንሽ ቁጥሮች በክፍል ተለይተው ሳይሆን በትምህርት ቤት ደረጃ ተጠቃለው፣ ከጥቂቶች በታች ሲሆኑም ጨርሶ ሳይነገሩ መታለፍ አለባቸው። የምክር መዝገቡ አማካሪው በሚይዘው ቁልፍ ይቆለፍ፤ ለርእሰ መምህሩም ቢሆን ክፍት አይሁን። የልጁ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ወይም ጥቃት ሲፈጸምበት ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል መነገሩ የማይቀር ነው፤ ይህም ገደብ ተማሪው ገና ወንበር ሲይዝ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ቅጣትና ምክርም በአንድ ሰው እጅ መሆናቸው መቆም አለበት። ጠዋት በር ላይ ስሙን የመዘገበበት ሰው ዘንድ ከሰዓት በኋላ ችግሩን ይዞ የሚሄድ ልጅ ማን ነው?

ሂስ ስንሰነዝር ግለ-ሂሱን መርሳት አይገባንም። በገበያ ቀን ልጇን ከክፍል አስቀርታ ጉሊት የምታስቀምጥ እናት ክፋት የላትም፤ ችግር አለባት። ስለ ልጇ ውጤት በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቆ የማያውቅ አባት ግን የእኛው ጎረቤት ነው፤ ምናልባትም እኛው ነን። ትምህርት ቤቱም የወላጆችን ስብሰባ በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ጠርቶ «ወላጆች አይመጡም» ማለቱን ይተው። በፈረቃ የሚሠራ ሠራተኛ የቀን ደመወዙን አስቆርጦ እንዲመጣ መጠበቅ አይቻልም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተጠርቶ ሲቀር ያን ጊዜ ይወቀስ።

ጊዜውም ቢሆን የራሱ ፋይዳ አለው። ብዙውን ጊዜ የምክር አገልግሎት የሚገመገመው በሰኔ፣ ከሌላው ሪፖርት ሁሉ ጋር ተጨፍልቆ ነው። በሰኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ተበትነዋል፤ ያቋረጡት ከስምንት ወር በፊት ሄደዋል። የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ሮስተር ሲዘጋ፣ ከጥር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ አንድ ግማሽ ቀን ይመደብ። ስም መጥሪያው፣ ሮስተሩና በመስከረም የወጣው ዕቅድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ። ለቀው የሄዱት ስንት እንደሆኑ በቁጥር ይነገር፤ በየቤታቸው ሄዶ የሚጠይቃቸው ማን እንደሆነ እዚያው ይወሰን። ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ገና አራት ወር ይቀረዋል፤ ዕቅዱንም ማረም፣ ልጆቹንም መመለስ የሚቻለው በዚያን ጊዜ ነው።