ምስክሩን የሚያስገድድ ሕግ አለ፤ የሚያስጥለውስ?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ያወረሱን አባቶች ሹም እንደሚበላ አሳምረው ያውቁ ነበር። የዛሬዎቹ ሹማምንት ደግሞ «ጉቦ ወንጀል ነው፤ ያየህ ተናገር» ይሉናል። እሰየው! እኔም ጉቦኛ ይጋለጥ ከሚሉት ወገን ነኝ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ኩታበር ላይ ተነስቶ «አዎ፣ ሲቀበል አይቻለሁ» ያለው ገበሬ በማግስቱ ማን አለው?

ሕጉ ምን ይላል መሰላችሁ? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 30 መርማሪው ያውቃል ያለውን ሰው ጠርቶ እንዲጠይቅ፣ የተጠየቀውም እውነቱን እንዲናገር ያስገድዳል። የሚተርፈው ራሱን የሚያስከስስ መልስ አለመስጠት ብቻ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ማንም ተከሳሽ በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ብሏል። ጥሩ ነው! ግን ይኼ ሁሉ ለተጠርጣሪው ነው። ጥፋት የሌለበት፣ ማየቱ ብቻ ጥፋት የሆነበት ምስክር ግን ዝም ልበል ቢል አይችልም።

ኩታበር ለደሴ የቅርብ ጎረቤት የሆነች ትንሽ ከተማ ናት። ማን ከማን ቤት ቡና እንደጠጣ ይታወቃል። መርማሪ ዘንድ የተጠራ ሰው ቤቱ ሳይገባ ወሬው ቀድሞት ይገባል። የመሰከረውና የተመሰከረበት አንድ ገበያ ይውላሉ፤ አንድ ለቅሶ ይደርሳሉ። የገበሬው የመሬት ደብተር፣ የማዳበሪያ ወረፋውና የመታወቂያው ማኅተም ያለው ደግሞ እዚያው ሹሙ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሊበቀለው የፈለገ ሹም ጠመንጃ አያሻውም። «ፋይልህ ጠፍቷል፣ ነገ ተመለስ» ማለት ይበቃዋል። ነገም ሌላ ነገ ይወልዳል!

ይህ ነገር ለአባቶቻችን ገብቷቸው ነበር። በአፈርሳታ፣ አውጫጭኝም በምንለው ሥርዓት፣ አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰብ ነበር። የቀረ ይቀጣል፤ ሌባው ሳይወጣም ወደ ቤት መሄድ የለም። ማስገደዱ ከዛሬው የከፋ ነበር። ነገር ግን የጠቆመው ሰው ስሙ አይነሳም፤ «ወፍ» ነው የሚባለው። አስገደዱት፤ ግን ሸሸጉት። አፈርሳታ ይመለስልን ማለቴ አይደለም። ወፉ ቂመኛ የሆነ እንደሆነ ንጹሑ ሰው ማንን ይሞግታል? ለዚህም ነው ሕገ መንግሥቱ ተከሳሹ የቀረቡበትን ምስክሮች እንዲጠይቅ መብት የሰጠው። ቁም ነገሩ ያለ መሸሸጊያ ማስገደድ ግፍ መሆኑ ነው።

«የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ አለ አይደል ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አለ፤ ቁጥር 699፣ ዘመኑ 2003 ዓ.ም.። ማንነት መሰወር፣ መኖሪያ መቀየር፣ የአካል ጥበቃ ተጽፎበታል። ግን የሚዘረጋው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ለሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ከዚያ በታች ለሆነው ጥፋት የሚመሰክረው ሰው የማን ልጅ ነው? ደግሞስ የኩታበርን ገበሬ ከእርሻውና ከከብቶቹ ነቅለህ የት ትወስደዋለህ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይኸው ነው።

ወደላይ ስናይ ነገሩ ይለወጣል። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ሲቋቋም ምርመራውንም ክሱንም በአንድ እጁ ያዘ፤ ተጠሪነቱ ግን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር። ገዢው ፓርቲ ለሁለት በተሰነጠቀበት በዚያው ዓመት ከተያዙት ዋነኛው በክፍፍሉ የተሸነፉት አቶ ስዬ አብርሃ ነበሩ። የዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ችሎት ዋስትና ቢፈቅድላቸውም ወዲያው እንደገና ታሰሩ። በሙስና የተጠረጠረን ሰው ዋስትና የሚነፍገው አዋጅ ቁጥር 239ም የዚያው የ1993 ፍሬ ነው። በ1997 ዓ.ም. ላላ ተደረገ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ምርመራው ወደ ፌዴራል ፖሊስ፣ ክሱ ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዞረ። ሥልጣኑ ከእጅ ወደ እጅ ተዛወረ እንጂ ምስክሩ ያው ሜዳ ላይ ነው። ሕዝቡም «ሙሰኛ የሚባለው የተጣላ ሹም ነው» ብሎ ደመደመ። እንዲህ ብሎ የደመደመ ሕዝብ ምስክር ሁን ቢሉት ከወንዝ ማዶ ይሸሻል እንጂ ይመጣል?

ስለዚህ እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ምስክር በጽሑፍ ይጠራ፤ ለምን ጉዳይ እንደተጠራም ይነገረው። በስልክ «ና ትፈለጋለህ» ብሎ መጥራት ይቅር። ሁለተኛ፣ ጥበቃው ለትንሹም ጥፋት ምስክር ይድረስ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የመሰከረ ሰው የወረዳ ጉዳዩ፣ ከመሰከረበት ሹም እጅ ወጥቶ በሌላ ሰው ይታይለት። ይህ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም፤ አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል። ሦስተኛ፣ መጥሪያው ወደላይም ይውጣ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚባልበት ዘመን አለፈ ካላችሁን፣ ሚኒስትሩም እንደ ገበሬው ቀርቦ እውነቱን ይናገር!

ይህ እስካልሆነ ድረስ የኩታበርን ሰው «ለምን አትናገርም?» ብሎ የሚወቅስ ባለሥልጣን መጀመሪያ ራሱን ይጠይቅ። ዝም ያለው እውነት ስለጠፋው አይደለም፤ ነገ እዚያው ቀበሌ ስለሚኖር ነው።