«በሞቴ!» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ዓመት በወላጆች ቀን፣ በትምህርት ቤታችን ግቢ በተተከለው ድንኳን ሥር፣ ልጃችን አንዲት ጉርሻ ጎረሰች። ያጎረሷት እናት ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚወዷት ናቸው። ሽሮው በዘይት መሠራቱን ስለሚያውቁ «ይሄ እኮ የጾም ነው፤ ምንም የለበትም» አሏት። ልጅቷ እኛን ፍለጋ ዞር ዞር ስትል «በሞቴ!» ጨመሩበት። ትልቅ ሰው «በሞቴ» ብሎ የዘረጋውን እጅ የትኛው ልጅ ይመልሳል? ጎረሰች።

ሴትዮዋ አልተሳሳቱም፤ ሽሮው ውስጥ ቅቤ አልገባም። የተጨለፈበት ጭልፋ ግን ከአጠገቡ ካለው የዶሮ ወጥ ድስት የመጣ ነበር፤ ዶሮው ደግሞ በንጥር ቅቤ የተሠራ ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የልጃችን ከንፈር አበጠ፣ አንገቷና ደረቷ በሽፍታ ተሸፈነ፣ አስመለሳት፣ ትንፋሿም ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ከከበቡን ሰዎች መካከል «ምግብ ተመርዛ ይሆናል፤ ቶሎ ወተት ስጧት!» ያሉ ነበሩ። ክፋት አልነበረባቸውም። ብዙዎቻችን ወተት የመርዝ ማርከሻ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። የአድሬናሊን መርፌ በቦርሳችን ስለነበረና ሆስፒታሉም ሩቅ ስላልነበረ፣ ልጃችን ዛሬም ከልጆቻችሁ ጋር ትሮጣለች።

ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ያን ቀን ልጃችንን አደጋ ላይ የጣላት ጥላቻ ወይም ቸልተኝነት ሳይሆን ፍቅር ነው፤ ሳይጠይቅ የሚያጎርስ ፍቅር። እኛ ወላጆቿ በዚህ የዓመቱ መጽሔት ላይ ልንሟገትለት የፈለግነው ሐሳብም አንድ ነው፦ ከማጉረስ በፊት መጠየቅ ባህላችን ይሁን።

በመጀመሪያ በሽታውን እናስተዋውቃችሁ። ልጃችን ገና አራስ ሳለች አያቷ እንደ ደንቡ ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ ሲያደርጉላት ግንባሯ ቀልቶ ሽፍታ ወጣባት። «ሙቀት ነው» ተባለ፤ እኛም አመንን። በስምንት ወሯ አንድ ማንኪያ እርጎ ቀምሳ ፊቷ ሲያብጥ ግን ሙቀት አለመሆኑ ገባን። በቆዳና በደም ምርመራ የወተት አለርጂ እንዳለባት ታወቀ። ወተት ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች፣ ማለትም አይብ የሚሆነው ኬዚንና አጓቱ ውስጥ የሚቀሩት ሌሎቹ፣ ለብዙ ሰው ምግብ ናቸው። የእሷ ሰውነት ግን እንደ ጠላት ያያቸዋል፤ ለመከላከልም ከልክ በላይ ይነሣል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። ሽፍታ፣ እብጠት፣ ትውከት ወይም የትንፋሽ ማጠር ሊሆን ይችላል። ሲከፋ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ሕይወትም ያልፋል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እኔንም እኮ ወተት ይነፋኛል» ይለናል። ያ ሌላ ነገር ነው። የሚነፋው የወተቱ ስኳር፣ ላክቶስ ነው። ስኳሩን የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም በብዙ ሰዎች ላይ ከሕፃንነት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ከታንዛኒያ፣ ከኬንያና ከሱዳን 470 ሰዎችን መርምሮ ነበር። በአካባቢያችን ላክቶስን በጉልምስናም መፍጨት የሚያስችሉ የዘር ለውጦች ከአውሮፓው ተለይተው እዚሁ መገኘታቸውን አሳየ። ስለዚህ ከጎረቤታሞች አንዱ ወተት ጠጥቶ ሲረካ ሌላው ሆዱ መነፋቱ የሚገርም አይደለም። ሆድ መነፋት ያስጨንቃል እንጂ አይገድልም፤ እርጎ ወይም ትንሽ ወተት የሚስማማቸውም ብዙ ናቸው። አለርጂ ላለባት ልጅ ግን «ትንሽ» የሚባል ነገር የለም። በጭልፋ ጫፍ የቀረው ይበቃል።

«የፍየል ወተት ስጧት፣ ቀላል ነው» የሚሉንም አሉ። የፍየልና የበግ ወተት ፕሮቲን ከላም ወተት ጋር በጣም ስለሚመሳሰል፣ በላም ወተት የሚታመሙ ልጆች አብዛኞቹ በፍየሉም ይታመማሉ። የግመል ወተት የተለየ ነው፤ በላም ወተት ውስጥ ካሉት አንዱ ፕሮቲን የለውም፣ የሚስማማቸው ልጆችም አሉ። እዚህ ናይሮቢ ኢስሊ ገበያ ውስጥ በየቀኑ ስለሚሸጥም ብዙ ጊዜ ተፈትነናል። ነገር ግን የማይስማማቸው ልጆችም ስላሉ፣ ያለ ሐኪም በቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። ቅቤን ማንጠርም መፍትሔ አይሆንም። ማንጠር ውሃውንና አብዛኛውን አተላ ያስወግዳል እንጂ ፕሮቲኑን ጠራርጎ አያወጣም።

ታዲያ ምን ትበላለች? ይህን ጥያቄ ከኢትዮጵያዊ ስንሰማ ፈገግ እንላለን። በሁዳዴ 55 ቀን ወተትና ቅቤ ሳይነካ የሚኖር፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሕዝብ ልጅ ናትና። ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ፎሶልያ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ ሁሉም የእሷ ናቸው። ሌላ አገር ያሉ ወላጆች ከመጽሐፍ የሚማሩትን ምግብ እኛ ከአያቶቻችን ወርሰነዋል። ሆኖም የወላጆች ቀን እንዳስተማረን «የጾም» የሚለው ቃል ስለ አሠራሩ እንጂ ስለ ጭልፋው አይናገርም። ጿሚ ሰው በስሕተት የነካው ቅቤ ሰውነቱን አይጎዳውም፤ የእኛን ልጅ ግን ይጎዳታል።

በፍስክ ቀን ደግሞ የቤታችን ትልቁ ፈተና ዶሮ ወጥ ነበር። ለአንድ ዓመት ያህል ለእሷ ለብቻዋ፣ ለእኛ ለብቻችን ሠራን። አንድ የገና ዕለት «የእኔ ወጥ ለምን አይሸትም?» ብላ ስትጠይቀን ሁለታችንም አፈርን። የጎደላት የቅቤው ስብ ሳይሆን ቅቤ ሲነጠር የሚገባው ቅመም መሆኑን ተረዳን። ከዚያ ወዲህ ዘይት እናነጥራለን። አንድ ሊትር ዘይት በለሆሳስ እሳት ላይ እናደርጋለን፤ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ጥቂት አብሽና እርድ እንጨምርበታለን፤ ሳይቃጠል ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይጠለላል። ወጡን ስንሠራ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት በደንብ እናቁላላለን፣ በርበሬውን እናበስላለን፣ ከዚያ የተነጠረውን ዘይት እናስገባለን። አሁን ቤታችን ውስጥ አንድ ድስት ብቻ አለ። እንግዶች ሲጠይቁን ነው የምንነግራቸው፤ ብዙዎቹ ሳይነገራቸው አያውቁም።

በወተት ምትክ ሱፍ ቀቅለን፣ ፈጭተን፣ በውሃ በጥብጠን፣ በጨርቅ እናጠላለን። ከባሕር ዳርቻው የሚመጣውን የኮኮናት ወተት ለአትክልት ወጥ እንጠቀማለን። ለካልሲየም ጤፍ፣ ጎመን፣ ሰሊጥና ዳጉሳ አሉን። ኬንያውያን ዊምቢ የሚሉት ዳጉሳ በካልሲየም ከእህል ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት ነው፤ ገበያው ሁሉ ሞልቶታል። እዚህ ኡጂ የሚሉትን የዳጉሳ አጥሚት ቤታችን ውስጥ ያለ ወተት ጠዋት ጠዋት ትጠጣለች። ውጭ ስንሆን ግን አጥሚቱ ወተት እንዳለበት እንጠይቃለን። ማንዳዚው በምን እንደተቦካ፣ ቻፓቲው በምን እንደተቀባ፣ የብስኩቱ መጠቅለያ ምን እንደሚል እናያለን። በዚህ አገር «ቻይ» ካሉ ከነወተቱ የፈላ ነው፤ ያለ ወተት የፈለገ «ስትሩንጊ» ማለት አለበት። ልጃችን በስዋሂሊ መጀመሪያ የለየቻቸው ሁለት ቃላት «ማዚዋ» እና «ስትሩንጊ» ናቸው።

ተስፋም አለ። ብዙ ልጆች ሲያድጉ የወተት አለርጂ ይለቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒውዮርክ በሚገኘው የማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በ100 ልጆች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመዋል። 68ቱ ልጆች ያልተጋገረ ወተት ባይችሉም ከዱቄት ጋር ተቦክቶ በከፍተኛ ሙቀት የተጋገረውን ችለዋል፤ 9ኙ ሁለቱንም ችለዋል፤ 23ቱ ግን የተጋገረውም አልተስማማቸውም። ሙቀት የአንዳንዶቹን ፕሮቲኖች ቅርጽ ስለሚለውጥ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ተስፋ ይሰጠናል፤ የመጨረሻው ደግሞ «ኬክ እስቲ እንሞክርላት» የሚለውን ሐሳብ ሐኪም ፊት ብቻ እንድናደርገው ያስገድደናል። የልጃችን ተራ ገና አልደረሰም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤታችን እንመለስ። አንዳንድ ወዳጆቻችን «ወተት ከግቢው ይከልከል ብላችሁ ጠይቁ» ብለውናል። አንጠይቅም። ለብዙ ልጆች ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ክልከላው ልጃችንን የጓደኞቿን ምሳ የነጠቀች ያስመስላታል። ደግሞም «ተከልክሏል» ስንባል ሁላችንም እንዘናጋለን፤ አደጋው ግን በአንድ ምሳ ዕቃ ተደብቆ መግባቱ አይቀርም።

የምንጠይቀው ይህ ማኅበረሰብ ድሮም የሚያውቀውን ነገር ነው። በሠርጋችንና በበዓላችን የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ በየራሱ ድስት አይሠራም? ጭልፋ እንዳይቀላቀል የሚጠብቅ ሰው አይመደብም? አንድም እንግዳ «ለምን ለየሽ?» ተብሎ አያውቅም። አስተናጋጁም ከማንሣቱ በፊት «የቱን ላድርግልህ?» ይላል። ለጎረቤቱ እምነት ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ለአንዲት ልጅ ትንፋሽም መጠንቀቅ አያቅተውም። አዲስ ሥርዓት አንፈልግም፤ ያለንን አንድ ድስት እንጨምርበት።

ስለዚህ በግልጽ እንናገር። ወላጆች፣ ለበዓል የምታመጡት ምግብ ላይ ቅቤ፣ ወተት ወይም አይብ ካለበት በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ጭልፋውም ከድስቱ አይለይ። መምህራን፣ የአለርጂ ልጆች ፎቶና የሚደረግላቸው እርዳታ በጽሑፍ በቢሮው ግድግዳ ላይ ይሁን፤ መድኃኒታቸው በተቆለፈ ቁም ሣጥን አይቀመጥ። ቢያንስ ሁለት ሠራተኞች አድሬናሊን በጭን ውጫዊ ጡንቻ ላይ መውጋትን ይሠልጥኑ። በቀላሉ ራስን መውጊያው እስክሪብቶ መሰል መርፌ በብዙ የአፍሪካ አገሮች እንደልብ ስለማይገኝ፣ ሥልጠናው የበለጠ ያስፈልጋል። ልጅ ሲታመም አታስቁሟት፤ አስተኟት፣ ትንፋሽ ካጠራት እግሯን ዘርግታ ትቀመጥ። የሽፍታ ክኒን አድሬናሊንን አይተካም። ከተወጋች በኋላ ቢሻላትም ወደ ሆስፒታል ትሂድ። ተማሪዎች፣ ጓደኛችሁ «አልችልም» ስትል አትቀልዱባት፤ ወተት የነካ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።

ከሁሉም በላይ ግን ለሚያጎርሱን እናቶችና አባቶች እንለምናለን። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ እኛም ልጃችንን «አመሰግናለሁ፣ አልችልም» ማለትን ስናስተምራት ጉርሻችሁን መናቋ እንዳይመስላችሁ። ለትልቅ ሰው እምቢ ማለት ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ከባድ ነው። ያን ሸክም ከእሷ ላይ የምታነሡላት እናንተ ናችሁ፤ «በሞቴ» ከማለታችሁ በፊት «ይስማማሻል?» በሏት።

በዘንድሮው የወላጆች ቀን ያችው እናት አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻ ይዘው መጡ። ጭልፋዋ እጀታ ላይ ቀይ ክር አስረዋል። ልጃችንን ጠርተው ወደ ጆሯቸው ቀረብ አደረጓትና «በዘይት ነው፤ ጭልፋዬም አዲስ ነው፤ እናትሽን ጠይቂና ነይ» አሏት። እየሮጠች መጥታ ጠየቀችን፤ «ሂጂ» አልናት። ከዚያ «በሞቴ!» ሲሉ ከሩቅ ሰማናቸው፤ እሷም አፏን ከፈተች።