ስለ ጨቅላ ሕፃናት ነርሶች ከፍተኛ ትምህርት

ከሰው ዕድሜ ሁሉ እጅግ አስጊው የመጀመሪያው ወር ነው። ሕፃኑ በእናቱ ማሕፀን ሳለ ሙቀቱንም ምግቡንም አየሩንም ያገኝ የነበረው ሳይደክም ነው፤ ከተወለደ በኋላ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በገዛ ሳንባው መተንፈስ፣ በገዛ ገላው ሙቀቱን መጠበቅ፣ ከውጭ የሚመጡትን ረቂቃን ተሐዋስያን መቋቋም ግድ ይሆንበታል። ቀኑ ሳይደርስ፣ ማለት 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ እንደ ሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ከዐቅሙ በላይ ነው። እንዲህ ያለውን ሕፃን ማን ይጠብቀዋል? የሚጠብቀውስ ሰው ምን ያህል የተማረ መሆን ይገባዋል? በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከቀኑ አምስት ሳምንት ተኩል ቀድሞ ተወለደ። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ያህል ነበር። ሳንባው ገና ስላልበሰለ መተንፈስ አቅቶት በተወለደ በ39 ሰዓቱ ሞተ። አባቱ የፈለገውን ሐኪም ለማስጠራት ሥልጣን ነበረው፤ ነገር ግን ገና ያልተገኘ ዕውቀት በሥልጣን አይጠራም። ዛሬ በዚያው አገር እንዲህ ያለው ሕፃን በአብዛኛው ይድናል።

የዚህ ለውጥ ምክንያት መድኃኒትና መሣሪያ ብቻ አይደለም። እርግጥ ነው፣ በ1959 ሜሪ ኤለን አቬሪና ጄሪ ሚድ የነዚህ ሕፃናት ሳንባ የሚኮማተረው የአየር ከረጢቶቹን ገልጦ የሚይዘው ቅባት መሰል ነገር ስለሚጎድለው መሆኑን አስታወቁ፤ ይህንንም ነገር ከውጭ አምጥቶ በሕፃኑ ሳንባ ውስጥ በመጨመር ማዳን እንደሚቻል የጃፓኑ ሐኪም ቴትሱሮ ፉጂዋራ በ1980 አሳየ። ዳሩ ግን በ1960 ዶክተር ሉዊስ ግሉክ በየል ኒውሄቨን ሆስፒታል ለታመሙ ጨቅላዎች የተለየ ክፍል ሲያቋቁም የተመረኮዘው በንጽሕና ላይ ነበር። ቀድሞ ሕመም እንዳይተላለፍ ተብሎ ሕፃናቱ ተለያይተው ይጠበቁ ነበር፤ እርሱ ግን እጅ በሚገባ ከታጠበ በአንድ ክፍል ሰብስቦ በቅርብ መከታተል እንደሚቻል አስረዳ። ስለዚህ የዚህ ሙያ የመጀመሪያው መሠረት የታጠበ እጅ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

እጁስ የማን ነው? ሐኪሙ ሕፃኑን አይቶ፣ ትእዛዙን ጽፎ ወደ ሌላው በሽተኛ ይሄዳል። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የሕፃኑ ከንፈር ሲጠቁር አጠገቡ የምትገኘው ነርሷ ናት። የምታየውን ካላወቀች ሐኪም እስኪጠራ ድረስ ያለው ጊዜ ይባክናል፤ ብታውቅም እጅዋን እንድትዘረጋ ካልተፈቀደላት ዕውቀትዋ ኀዘን ብቻ ይሆንባታል። በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር፣ ነርሶች ሕፃናትን ራሳቸው መርምረው ለመርዳት የሚበቁበትን ትምህርት ጀመሩ፤ በዚህ የሠለጠነችውም ነርስ ፕራክቲሽነር ተባለች። በ1970ዎቹ ዓመታት የታመሙ ጨቅላዎች ክፍሎች ሲበዙና የሚበቃ ሐኪም ሲታጣ፣ ያው ሐሳብ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ተሻገረ። በመጀመሪያ በሆስፒታል ውስጥ የሚሰጥ አጭር ትምህርት ነበር፤ ወደ 2000 ዓመት ሲደረስ ግን ለሙያው ፈተና ለመቀመጥ የማስትሬት ዲግሪ ግዴታ ሆነ።

የዚህን ትምህርት ሥርዐት ጠጋ ብሎ ለተመለከተው፣ ከዲግሪው ከፍታ ይልቅ የሚያስደንቀው ከፊቱ የቆመው በር ነው። የአገሪቱ የጨቅላ ሕፃናት ነርሶች ማኅበር ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ተማሪዋ በበሽተኛ አጠገብ የሚደረገውን ልምምድ ከመጀመርዋ አስቀድሞ እጅግ የታመሙ ጨቅላዎች በሚጠበቁበት ክፍል የሁለት ዓመት ሙሉ የነርስነት ሥራ ሊኖራት ይገባል። በትምህርቱም ስለ ፅንስ አፈጣጠር፣ ስለ ዘር ውርስ፣ ስለ አካል አሠራርና ስለ ሕመም አመጣጥ፣ ስለ መድኃኒት ጠባይና ስለ ምርመራ ትማራለች። በአስተማሪ ዐይን ሥር የሚፈጸመው ልምምድ ዝቅተኛ ልኩ ለረጅም ጊዜ 600 ሰዓት ነበር፤ በ2022 ለነርስ ፕራክቲሽነሮች ሁሉ የወጣው መመዘኛ 750 ሰዓት አድርሶታል። በዚህም ጊዜ በእትብት ደም ሥር ቀጭን ቱቦ ማስገባትን፣ በጉሮሮ በኩል ወደ አየር ቧንቧ ቱቦ ሰድዶ ማስተንፈስን፣ መድኃኒት ማዘዝንም ትለማመዳለች። በመጨረሻም አገር አቀፍ ፈተና አልፋ የሙያ ምስክር ወረቀት ትቀበላለች፤ ይህንም ምስክር በየሦስት ዓመቱ ማደስ አለባት።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። የአንድ ኪሎ ሕፃን ደሙ በሙሉ ቢለካ ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ይኸውም ከአንድ የቡና ሲኒ እምብዛም አይበልጥም። ለምርመራ እየተባለ ያለ ሐሳብ የሚቀዳው ደም ለርሱ ትልቅ ጉዳት ነው። መድኃኒቱም የሚሰፈረው በክብደቱ ልክ ነው፤ የሒሳብ መምህራን እንደሚያውቁት፣ ነጥቧ አንዲት ቦታ ብቻ ብትዛወር መጠኑ ዐሥር እጥፍ ይሆናል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጉዳዩ የሩቅ ሰው ወሬ አለመሆኑን እናያለን። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በ2005 በሕይወት ከተወለዱት 1,000 ሕፃናት 123ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቍጥሩ ወደ 67 ወረደ። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን የወረዱት ከ39 ወደ 29 ብቻ ነው። ክትባትና ንጹሕ ውሃ ታላላቆቹን ሕፃናት ሲታደጉ፣ ጨቅላዎቹ ወደ ኋላ ቀርተዋል ማለት ነው። በአገራችን በአምስት ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2019 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ቀናቸው ሳይደርስ ተወልደው ከሞቱት መካከል በመቶ 45ቱ በመተንፈስ ችግር፣ በመቶ 30ው በተሐዋስያን በሚመጣ ሕመም የሞቱ ናቸው። ሁለቱም ሌሊትና ቀን የማይለይ፣ የሠለጠነ ጠባቂ የሚሹ ሕመሞች ናቸው።

አንዳንድ ሰዎች ግን «ተራ ነርስ እንኳ በማይበቃበት አገር ማስትሬት ምን ይሠራል?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እጅን መታጠብ፣ ሕፃኑን ከእናቱ ገላ ጋር አጣብቆ ማሞቅ፣ የእናቱን ወተት መስጠት ዲግሪ አያሻቸውም፤ ከሁሉም ይቀድማሉ። ነገር ግን እነዚህ ሳይጓደሉ በየሌሊቱ እንዲፈጸሙ የሚቈጣጠር፣ ከነርሱም የሚያልፈውን ሕመም ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በአንድ ክፍል አንዲት በሚገባ የተማረች ነርስ ብትኖር ሌሎቹ ከርስዋ ይማራሉ።

ሌሎች ደግሞ «ይህ የሐኪም ሥራ ነው» ይላሉ። ለነዚህ መልሱ የገዛ ታሪካችን ነው። በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሐኪም ባልነበረበት ገጠር የጤና መኰንኖችን አሠልጥኖ ላከ። ከ2009 ወዲህም የጤና መኰንኖች በማስትሬት ደረጃ እየሠለጠኑ በቀዶ ጥገና እናቶችን ያዋልዳሉ። ለእናቲቱ የተፈቀደው ለሕፃኑ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየንም።

እኛ የምንፈራው ሌላ ነገር ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሕፃናትና የጨቅላ ሕፃናት ነርስነት በማስትሬት ደረጃ መሰጠት ጀምሯል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን ዲግሪው ከበሽተኛው አልጋ ወደ ጠረጴዛ የሚያሻግር ድልድይ ከሆነ፣ ሕፃኑ ያተረፈው ነገር የለም። በብዙ ሆስፒታሎችም ነርስ ከክፍል ወደ ክፍል በየጊዜው ትዛወራለች፤ የጨቅላውን አተነፋፈስ መለየት በጀመረች ጊዜ ወደ ሌላ ክፍል ትላካለች።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች እንዲታሰቡ እናሳስባለን። መጀመሪያ፣ ለዚህ ትምህርት የምትመረጠው በፈተና ውጤት ብቻ ሳይሆን በጨቅላዎች ክፍል በሠራችባቸው ዓመታት ይሁን። ሁለተኛ፣ የልምምዱ ሰዓት በትክክል ይቈጠር፤ በመጽሐፍ ብቻ የተማረ እጅ ለጨቅላ አይታመንምና። ሦስተኛ፣ የተመረቀችው ወደዚያው ክፍል ትመለስ፤ በዚያም የሚገባት ሥልጣን በጽሑፍ ተወስኖ፣ ደመወዝዋም ከትምህርትዋ ጋር ተመዛዝኖ ይሰጣት። ዲግሪ ጨምሮ ሥልጣንና ደመወዝ መከልከል፣ «ሂጂ፣ ሌላ ሥራ ፈልጊ» ከማለት አይለይም።

መምህራን ሆይ፣ ይህ ጉዳይ የመንግሥትና የሆስፒታል ብቻ አይደለም። ሳይንስና ሒሳብ የሚወድዱ ወንዶችና ሴቶች ተማሪዎቻችሁ ነርስነት ትእዛዝ ተቀባይነት ብቻ እንዳይመስላቸው፣ እስከ ዩኒቨርሲቲው ከፍተኛ ደረጃ የሚያደርስ ሙያ መሆኑን ንገሯቸው። የከተማው ነዋሪዎች ሆይ፣ እናንተም በጨቅላዎቹ ክፍል ደጅ ነርሷ «እጃችሁን ታጠቡ፤ ከእናቱ በቀር ማንም አይግባ» ባለቻችሁ ጊዜ አትቀየሙባት። ይህን የምትለው ንቃችሁ ሳይሆን፣ ለመናገር የማይችለውን ልጃችሁን ወክላ ነው።