ሳተላይት የመሰከረበት አጥር

ባለፈው ቅዳሜ ቡታጅራ ውስጥ አንድ ተማሪዬ እየሮጠ መጥቶ፣ «መምህር፣ ጎረቤታችን ሦስት ሜትር ገፍቶናል፤ ሳተላይት መስክሯል!» አለኝ። ስልኩን ይዞ በግቢያቸው ሁለት ማእዘን ላይ ተራ በተራ ቆሞ ቢመዘግብ፣ በካርታው 20 ሜትር የተባለው 17 ሆነበት። እናቱ ሽማግሌ ሊጠሩ ነጠላቸውን አጣፍተዋል። የወሰን ነገር ደግሞ እንደ ዋዛ አይታይም።

አብሬው ሄጄ ደግመን ብንለካ 22 ሆነ፤ ብንሠልስ 19። አጥሩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳተላይቱ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ምልክት ይልካል፤ ስልኩም ምልክቱ በጉዞ የፈጀውን ጊዜ ቆጥሮ ርቀቱን ያሰላል። ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ፣ የሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ስሕተት 30 ሳንቲ ሜትር ያስታል። በላይኛው ሰማይ ያለው ኤሌክትሪክ ያዘለ አየርም ምልክቱን ያዘገየዋል። ስለዚህ ስልክ ገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ ጥቂት ሜትሮች መሳቱ አይቀርም። ስሕተቱ አምስት ሜትር ነው እንበል። ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ በቀጥታ መስመር ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ አምስት ሜትር ከቁጥር አይገባም። በ20 ሜትር አጥር ላይ ግን የርዝመቱ ሩብ ነው።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? በሁለቱ ጫፍ ሁለት መሣሪያ ተክሎ በአንድ ጊዜ ማንበብ ነው። ሰማዩ አንዱን ባሳሳተው መጠን ጎረቤቱንም ስለሚያሳስት፣ ሲቀናነሱ የጋራው ስሕተት ይጠፋል። ቀያሾች በዚህ ላይ 19 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን የሞገዱን ርዝመት ከፋፍለው ስለሚያነቡ፣ ልካቸው እስከ ሳንቲ ሜትር ይጠራል። ቆርቆሮና ግንብ የሚያንጸባርቁት ምልክት ግን ለሁለቱ መሣሪያዎች እኩል ስላልሆነ፣ ገላጣ ቦታ ያስፈልጋል። በአንድ ስልክ ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን መውሰድም ጥቂት ይረዳል። ይሁን እንጂ ስሕተቱ ለብዙ ደቂቃ ወደ አንድ ወገን ስለሚያጋድል፣ በጥድፊያ አሥር ጊዜ መለካት አንድ ጊዜ ከመለካት እምብዛም አይሻልም።

እኛ ቀያሽም ሁለት መሣሪያም ስላልነበረን፣ ጥቅልል ሜትር ተውሰን ወጥረን ለካን፤ 20 ሜትር ከ4 ሳንቲ ሜትር ሆነ። እናትየው ነጠላቸውን አውርደው፣ «ሰውየውን በከንቱ ላማው ነበር» አሉ።

አንባቢ ሆይ፤ ነገ በቢሮህ ጠረጴዛ ላይ የወሰን አቤቱታ ሲቀርብልህ፣ ቁጥሩን ከማመንህ በፊት «በምን ተለካ?» ብለህ ጠይቅ።