ባሕር ዛፍና የደብር ደን

ያማረ ዛፍ ሁሉ በየስፍራው አይተከልም። መልካም ነገርም ቢሆን ያለ ቦታው ሲውል ጉዳት ያመጣል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በጎንደር ከተማ ዙሪያ፣ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝም ቀጥ ብሎ የቆመው ባሕር ዛፍ ነው።

ይህ ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ዙሪያ ማገዶ ስለ ጠፋ፣ በ1892 ዓ.ም. ገደማ ዋናውን ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማይቱ በስፍራዋ እንድትጸና ከረዱት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬም ለደጋው ገበሬ ምሰሶና ማገር፣ ማገዶና የገበያ ገንዘብ ይሆነዋል። ስለዚህ ዛፉን ጨርሶ መንቀፍ ውለታን መርሳት ነው።

ነገር ግን ጠባዩን ሳያውቁ መትከል አይገባም። ባሕር ዛፍ ቢቆርጡት አይጠፋም፤ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ አንዱ ግንድ ሦስትና አራት ሆኖ ይነሣል። ሥሩ የጎረቤትን ድንበር አልፎ የገብሱንና የጤፉን ውሃ ይሻማል። ከበታቹም ሣር እንደ ልብ ስለማይበቅል፣ በተዳፋት ላይ ዝናም አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል። ለጎንደር ከተማ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል መቸገሩ የታወቀ ነው፤ ተዳፋቱን የሚያራቁት ነገር ሁሉ ይህን ደለል ያበዛዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የደብር ደን ነው። በሰሜኑ ደጋ ጥንታዊው ጽድና ወይራ በብዛት ተርፎ የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ነው፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴም በዛፎቹ ጥላ ሥር ይገኛል። አሁን ግን በአንዳንድ ስፍራ ለገቢ ሲባል ባሕር ዛፍ በቅጽር ውስጥ ይተከላል። እርግጥ ነው፣ ጣራ ይታደሳል፣ አገልጋይም ቀለብ ይሻል። ሆኖም ይህን ጥቅም ከቅጽር ውጭ ካለ ድንጋያማ መሬት ማግኘት ይቻላል። ለአገሩ ተራራ የሚሆነው የጽድና የወይራ ዘር ግን ከነዚህ ደኖች ከጠፋ ከወዴት ይለቀማል?

እንግዲህ የደብር አለቆች ቅጽሩን ለአገር በቀሉ ዛፍ ብቻ ቢጠብቁ፣ ሹማምንትም ከምንጭ ዳርና ከእርሻ ድንበር ባሕር ዛፍ እንዳይተከል ቢያደርጉ፣ በየችግኝ ጣቢያውም ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ቢያፈሉ፣ ሥራው ለሁሉም ይበጃል። ባሕር ዛፍን የተከለ ሰው ራሱ ቆርጦ ይሸጠዋል፤ ጽድን የተከለ ግን ጥላውን ለልጅ ልጁ ያወርሳል። ለሁለቱም ስፍራ አለ፤ የሚያስፈልገው ስፍራውን ለይቶ ማወቅ ነው።