ተለጣፊዋ ስንት ታወጣለች?

መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ አዲሱ ገበያ እናቴ ቤት፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ጠብ ተነሳ። ጠቡ በፖለቲካ አልነበረም፤ በአርሰናልና በማንቼም አልነበረም። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ለሚገባው ታናሽ ወንድሜ በሚገዛለት ላፕቶፕ ነበር።

«ኢንቴል ካልሆነ ገንዘባችሁን እንጦጦ ወጥታችሁ በትኑት» አሉ ጋሼ፣ የእናቴ ወንድም። ጋሼ ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ቢሯቸው የመጀመሪያው ኮምፒውተር ከገባበት ቀን ጀምሮ ያዩት ሁሉ ላይ ኢንቴል የሚል ተለጥፎበት ነበር። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ጌም ሲጫወት የሚያድር ወጣት ነው። «ጋሼ፣ እሱ ድሮ ቀረ፤ አሁን ኤኤምዲ ነው» አላቸው።

«ያ እንደ ምጣድ የሚግለው?»

«የጋለው እኮ ያኔ ነው!»

እንዲህ እየተባባሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄዱ። እማዬ ረከቦቱ ጋ ሆና ስትሰማ ቆየችና «ላፕቶፑን የሚሠሩት ኢንቴልና ኤኤምዲ የምትሏቸው ናቸው?» ብላ ጠየቀች። አይደሉም። ላፕቶፑን የሚሠሩት ኤችፒ፣ ዴል፣ ሌኖቮና መሰሎቻቸው ናቸው። እነዚህ ሁለቱ የሚሠሩት ውስጡ ያለውን፣ የኮምፒውተሩ አንጎል የምንለውን ፕሮሰሰር ነው። ይህን ስንነግራት «ታዲያ ውስጥ ያለውን ማናችሁ አይታችሁት ነው የምትጣሉት?» አለች።

የሚከፈለው ገንዘብ የእሷ የስምንት ወር እቁብ ነው፤ ስለዚህ መጠየቅ መብቷ ነው። ሁሉም ዞረው እኔን አዩ፤ የቤቱ የማርኬቲንግ ሠራተኛ እኔ ነኝና።

እኔ ግን አፍሬ ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ነበር። የእጅ መደገፊያው ላይ ኮር አይ7 የምትል የምታብረቀርቅ ተለጣፊ አለችበት። ለዚያች ለ7ቷ ቁጥር ስል ከጎኑ ከነበረው ላፕቶፕ የሁለት ወር የትራንስፖርት ወጪዬን የሚያህል ብር ጨምሬ ከፈልኩ። ዓመት ሳይሞላው እየተንቀራፈፈ ሲያስቸግረኝ የመሥሪያ ቤታችን የአይቲ ልጅ ከፍቶ አየውና ሳቀ። ውስጡ ኮር አይ5 ነው፤ እሱም ያረጀ ትውልድ። ተለጣፊዋ ከሌላ ማሽን ተነቅላ መጥታ ይሁን ወይም እንዲሁ በጥቅል ተገዝታ፣ ብቻ የማሽኑ አልነበረችም። ሱቁ ስመለስ «እኅቴ፣ እንዳየሽው ነው የገዛሽው» ተባልኩ። እውነትም እንዳየሁት ነው የገዛሁት። ያየሁት ተለጣፊዋን ነበር።

ይህች ተለጣፊ ታሪክ አላት፤ እኛ በሙያው ያለን ሰዎች ትምህርት ቤት ከተማርናቸው ታሪኮች ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ኢንቴል ፕሮሰሰሮቹን በቁጥር ይጠራ ነበር፤ 286፣ 386፣ 486 እያለ። ኤኤምዲም የራሱን ሠርቶ በዚያው ቁጥር ይሸጥ ጀመር። ኢንቴል «386 የእኔ ነው» ብሎ ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ቁጥሩ የማንም የንግድ ምልክት ሊሆን አይችልም አለ። ኢንቴል በዚያው ዓመት «ኢንቴል ኢንሳይድ» የሚለውን ዘመቻ ጀመረ። ብልሃቱ ቀላል ነው። ኮምፒውተር አምራቾች በማስታወቂያቸውና በማሽናቸው ላይ የኢንቴልን ምልክት ካሳዩ፣ ከማስታወቂያ ወጪያቸው ከፊሉን ኢንቴል ይመልስላቸዋል። በ1993 ደግሞ በቁጥር ፋንታ ማንም ሊወስደው የማይችል ስም መጣ፤ ፔንቲየም። ቀጥሎም ያቺ አምስት ድምፅ ያላት ዜማ፤ በ1994 ኦስትሪያዊው ዋልተር ቬርዞቫ የሠራት።

እስቲ አስቡት። ዳቦ ስትገዙ ዱቄቱ የየትኛው ወፍጮ ነው ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? ኢንቴል ግን ዓለምን በሙሉ ዱቄቱን በስም እንዲጠይቅ አደረገው። እኔ ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን የነበሩት የኮምፒውተር ማሠልጠኛዎች በር ላይ በትልቁ የሚጻፈው «በፔንቲየም 4 እናሠለጥናለን» የሚል ነበር። ፔንቲየም ምን እንደሆነ የሚያውቅ በሰፈሩ አልነበረም፤ ጥሩ ነገር እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል። ሙያዬ ይህን ይባርካል፤ እኔም ሳልዋሽ አደንቀዋለሁ።

ኤኤምዲም ዝም ብሎ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ። መጋቢት 2000 እ.ኤ.አ. የአንድ ጊጋኸርዝን መስመር ቀድሞ ያለፈው እሱ ነው። ገበያውን ግን ሊይዘው አልቻለም፤ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2009 ኢንቴልን ኤኤምዲን ለማግለል ለኮምፒውተር አምራቾች ቅናሽ ሰጥቷል ብሎ 1.06 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣው። ቅጣቱ ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲመላለስ ቆይቶ በመጨረሻ ተሽሯል፤ ኢንቴል ግን በዚያው በ2009 ከኤኤምዲ ጋር ለመታረቅ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል።

አሁን ወደ ሱቃችን መደርደሪያ እንምጣ። ኢንቴል ኮር አይ7ን በ2008፣ አይ5ን በ2009፣ አይ3ን በ2010 አወጣ። ኤኤምዲ በ2017 ራይዘንን ይዞ ሲመጣ ምን ብሎ ቢጠራቸው ጥሩ ነው? ራይዘን 3፣ ራይዘን 5፣ ራይዘን 7። አጋጣሚ ነው ካላችሁኝ የቢዝነስ ዲግሪዬን እመልሳለሁ። ገዢው 5 ቁጥርን ከ5፣ 7ን ከ7 እንዲያስተያይ ታስቦ የተሰጠ ስም ነው።

ችግሩ ይህች አንዲት ቁጥር ብቻዋን የምትናገረው በጣም ጥቂት መሆኑ ነው። ኮር አይ7 7500ዩ የሚባል በ2016 የወጣ ፕሮሰሰር አለ፤ ሁለት ኮር ነው ያለው። በዓመቱ የወጣው ኮር አይ5 8250ዩ አራት ኮር አለው። ኮር ማለት ሸማኔ ነው በሉት። አንደኛው ቤት ሁለት ሸማኔ ተቀምጧል፣ ሁለተኛው ቤት አራት። በሩ ላይ ግን የመጀመሪያው 7፣ ሁለተኛው 5 የሚል ተለጥፏል። በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን በይፋ የፈቀደው ባጠቃላይ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከራይዘን 2000 ተከታታይ ወዲህ ላሉት ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ስለዚህ ያ ባለ 7ቱ ላፕቶፕ ልጃችሁ አንደኛ ዓመትን ሳይጨርስ መንገድ ላይ የቀረ ነው። ያገለገሉ ላፕቶፖች በሚሸጡበት ሱቅ ሁሉ ግን ዛሬም «ሰቨን ነው!» እየተባለ ይወደሳል።

የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ደስ አለው። ቶሎ ደስ አይበልህ አልኩት። ራይዘን 5 7520ዩ የሚባለውን ያየ ሰው፣ በ7 ስለሚጀምር አዲስ ይመስለዋል፤ የውስጡ ንድፍ ግን በ2019 የወጣው ዜን 2 ነው፣ ኮሩም አራት። በመካከል አንዲት አኃዝ የምትለየው 7530ዩ ዜን 3 ነው፤ ስድስት ኮር አለው። በ2 እና በ3 መካከል ያለውን ልዩነት የትኛው ወላጅ ነው ቆሞ የሚያነበው? ኢንቴል በ2023 መጨረሻ ይህን የኤኤምዲ አሰያየም የሚያብጠለጥል ጽሑፍ አውጥቶ መልሶ አነሳው። ደግ አደረገ፤ ያረጀ ነገር በአዲስ ስም ማውጣት ለእሱም እንግዳ ሥራ አይደለም።

ለእኔም አይደለም። ዓምና በመሥሪያ ቤቴ አንድ ምርት ማሸጊያውን ብቻ ቀይረን «ጎልድ» ብለን አውጥተናል። ሽያጩ ጨመረ። ስብሰባው ላይ ካጨበጨቡት አንዷ ነኝ።

እማዬ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ስትሸጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ይህን ሁሉ ካዳመጠች በኋላ «ገባኝ፤ እንደ መነን ነው» አለች። መነን የተባለው ጨርቅ ስሙ ከታወቀ ወዲህ፣ ገዢው ሁሉ እየገባ የሚጠይቀው «መነን ነው?» ብሎ ነው አለችን። ነው ካሉት ይከፍላል። ድሩንና ማጉን በጣቱ ዳብሶ የሚያይ፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ የሚገልጥ ከስንት አንድ ነው። «እኔም እሄዳለሁ» አለች።

በማግስቱ መገናኛ ሄድን፤ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እኔ ወረቀት ይዤ፣ ወንድሜ በሁለታችን አፍሮ ከኋላ እየተከተለ። ጉዞውን ቀላል አታድርጉት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ዱሮ ተሳስቶ መግዛት ያናድድ ነበር፤ አሁን አንድ ቤተሰብ ተሳስቶ ከገዛ ሁለተኛ የሚገዛበት የለውም።

የመጀመሪያው ሱቅ ልጅ ትሑት ነው፤ ወንበር ሰጠን። «ለተማሪ ይህን ነው የምመክረው፤ ኮር አይ ሰቨን» አለ። እማዬ «አብራውና ውስጡን አሳየን የኔ ልጅ» አለችው። ስታርት ላይ በቀኝ ክሊክ ተደርጎ ሲስተም የሚለው ሲከፈት የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ይወጣል። ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ ፐርፎርማንስ የሚለውን ማየት ነው፤ ስንት ኮር እንዳለው እዚያው ተጽፏል። ያ 7500ዩ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሸማኔ። ልጁ አላፈረም፤ እውነቱን ለመናገር ልዩነቱን እሱም የሚያውቀው አልመሰለኝም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ ሻጩ ራሱ መረጃው ከሌለውስ የሚለውን ግን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ያሰብኩት።

አራተኛው ሱቅ ውስጥ አንድ ያገለገለ ራይዘን 5 5500ዩ አገኘን። ስድስት ኮር፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ። ከመጀመሪያው ባለ 7 የረከሰ ነው። በዚያ ዋጋ ከስድስት በላይ ኮር ያለው ኢንቴል ብናገኝ ኖሮ ኢንቴል እንገዛ ነበር፤ በዕለቱ አላገኘንም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ወንድሜ የሚማረው ሶፍትዌር ስለሆነ ኮሩና ራሙ ያስፈልጉታል። ልጃችሁ ጽሑፍ ለመጻፍና ኢንተርኔት ለማየት ብቻ ከሆነ የሚፈልገው፣ የሁለቱንም ብራንድ ክርክር ትታችሁ ኤስኤስዲ መኖሩን፣ ራሙ ከ8 አለማነሱንና ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ብታዩ ይበቃችኋል። ባትሪውን ሱቁ ውስጥ ከቻርጀር ነቅላችሁ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ አስቀምጡት። እኛ ሻይ አዘን ጠበቅነው።

በተረፈው ብር ቦርሳና ብርድ ልብስ ተገዛ። ጋሼ ላፕቶፑን ገልበጥ አድርገው አዩትና «መልካም፤ ጓደኞቹ ግን ምን ይሉታል?» አሉ። ሁላችንም ሳቅንባቸው።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ከባሕር ዳር ደወለ። ላፕቶፑ ጥሩ ነው፤ አይግልም፤ የዶርሙ ልጆች ኮድ የሚጽፉት በእሱ ላይ ነው። መጀመሪያ የደረሰ ቀን ግን «አይ ስንት ነው?» ብለው ጠይቀውት «ራይዘን ነው» ሲላቸው «አይዞህ» አሉት።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የአንቺ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለችው ተለጣፊ እስካሁን አለች?» አለኝ። አለች፤ ቅድም አየኋት። አልላክሁለትም፤ አልነቀልኳትምም።