የቆቃ ውኃና የደጋው አፈር

በድሬዳዋ ከተማ ታይዋን በተባለው ገበያ የሚመላለስ ሰው፤ የምግብ ማቀዝቀዣው፤ የነፋስ ማራገቢያው፤ ቴሌቪዥኑና የእጅ ስልኩ ተደርድሮ ያያል። ይህ ሁሉ ዕቃ በየትም አገር ቢሠራ፤ በምንም ዋጋ ቢሸጥ፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ካልደረሰው በቤት ውስጥ የተቀመጠ ግዑዝ ሣጥን ነው። ስለዚህ ለቆላው ሙቀት ማራገቢያ የሚገዛ ሰው፤ ሳያውቀውም ቢሆን፤ ከሩቅ ደጋ በሚወርደው ውኃ ጉዳይ አለው።

ከድሬዳዋ ጋራ በኤሌክትሪክ መስመር ከተገናኙት ማመንጫዎች አንዱ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው ቆቃ ነው። ግድቡ ኢጣልያ ስለ ጦርነቱ ጥፋት በከፈለችው ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። የማመንጨት ዐቅሙ 43 ሜጋዋት ያህል ነው። ከዚያ የሚለቀቀው ውኃ ደግሞ አዋሽ ሁለተኛና አዋሽ ሦስተኛ የተባሉትን ማመንጫዎች ያንቀሳቅሳል፤ የወንጂንና የመተሐራን የሸንኮራ አገዳ ያጠጣል። እንዲሁም ሐይቁ የክረምቱን ሙላት ስለሚይዝ፤ በታች ላለው ሕዝብ የጎርፍ መከላከያ ነው።

ይህ ሐይቅ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ሄዷል። ያጠበበውም የዝናብ እጦት ብቻ አይደለም፤ አዋሽና ሞጆ ከደጋው እየጠረጉ የሚያመጡት ደለል ነው። ሲሠራ ከ1 ቢሊዮን ተኩል ሜትር ኩብ የሚበልጥ ውኃ ይይዝ ከነበረው ስፍራ ከአራት አንድ እጅ የማያንሰውን አፈር ወርሶታል። ግድብ የክረምቱን ውኃ ለበጋ የሚያቆይ ጎተራ ነው፤ ጎተራው በአፈር ከተሞላ እህሉ ወዴት ይገባል? ክረምት ውኃው ሞልቶ ይፈስሳል፤ በጋ መዘውሩ ይጠማል።

አንዳንድ ሰው ደለሉ በመኪና ተዝቆ ይውጣ ይላል። በመዘውሩ መግቢያ አጠገብ ያለውን መጥረግ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በመቶ ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚቈጠረውን ሁሉ ለማውጣት ወጪው ከባድ ነው፤ ቢወጣም የሚመጣው ክረምት ሌላ ያመጣል። ሌላውም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ስለ ተመረቀ የቆቃ ነገር አያሳስብም ይል ይሆናል። ይሁን እንጂ የዓባይ ግድብ ወንጂንና መተሐራን አያጠጣም፤ የአዋሽንም ሙላት አይገታም። ይልቁንም ቆቃን የሚሞላው የደጋ አፈር ዓይነት በዓባይም ስለሚወርድ፤ የቆቃ ዕድሜ ለታላቁ ግድብ ማስተማሪያ ነው።

የተራቆተ ተራራ ምን እንደሚያመጣ ለድሬዳዋ ሕዝብ ነጋሪ አያስፈልገውም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከላይ ያለው ደጋ የለቀቀው ጎርፍ በደቻቱ ወርዶ ብዙ ነፍስ አጥፍቷል። በአቅራቢያው ያለው የሐረማያ ሐይቅም፤ የሐረር ከተማ ለብዙ ዘመን የጠጣው፤ ደለል ስለ ሞላውና ያለ ልክ ስለ ተቀዳ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ግን በዙሪያው ያለው ኮረብታ እርከን ሲሠራለትና ዝናቡም ሲያግዝ፤ ውኃው ዳግመኛ ታይቶበታል። የጠፋ ውኃ እንደሚመለስ ይህ ምስክር ነው።

እንግዲህ የቆቃ መድኃኒት ከግድቡ በላይ ነው። ለዚህ ግን የደጋውን ገበሬ መውቀስ ብቻ አይበቃም። እርከን ቢሠራ ድካሙ የራሱ ነው፤ ተዳፋቱን ከግጦሽ ቢከለክል ከብቱ የሚበላው ያጣል፤ ከጥቅሙ ግን ብዙውን የሚያገኙት የታችኛው ፋብሪካና የሩቁ ከተማ ናቸው። ዘበኛ ያለ ደመወዝ እንደማይጠብቅ፤ የግድቡ ዘበኛ የሆነው ገበሬም ዋጋውን ሊያገኝ ይገባዋል። ስለዚህ ከኤሌክትሪኩና ከመስኖው ገቢ በሕግ የታወቀ ድርሻ ተለይቶ፤ ለእርከን፤ ለችግኝና ለከብት መኖ መዋል አለበት። ሒሳቡም ለሕዝብ በየዓመቱ ይገለጥ።

በታይዋን ማራገቢያ የሚገዛ ሰው ከዕቃው ዋጋ ሌላ ጥቂት ሳንቲም ለደጋው አፈር ቢከፍል አይጎዳም። ሳይከፍል ቢቀር ግን ልጆቹ የሚወርሱት የውኃ ሐይቅ ሳይሆን የጭቃ ሜዳ ነው።